አይቼዋለሁ ያልከኝ መንገድ

ሰበታ፣ ነሐሴ 21

ውድ አማኑ፣

ደህና መሆንህን ትናንት ከሩቅ አይቻለሁ፤ ከመጋዘኑ ግቢ ስወጣ በስምሪት ክፍሉ መስኮት ቆመህ ትታየኝ ነበር። እጄን ለሰላምታ አላነሳሁልህም። ግራው በጀሶ ታስሮ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ቀኙን ደግሞ ማንሳት አላሰኘኝም።

ምን ልሠራ እንደመጣሁ ሳይከነክንህ አልቀረም። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልህ። አሥራ አንድ ዓመት ጓደኛሞች ነበርን፤ ይህን ያህል እንኳ ላክብርህ።

ሐምሌ ሦስት ቀን የሆነውን አንተም እኔም እናውቃለን፤ ግን አንድም ቀን ፊት ለፊት ተቀምጠን አላነሳነውም። ስለዚህ ዛሬ ብቻዬን ላንሳው። ኤፍ ኤስ አር መኪናዬ ላይ የሚጫነው ሃምሳ ኩንታል ሲሚንቶ ለቡራዩ፣ አራት ባዶ የውሃ ሮቶ ደግሞ ለሱሉልታ ነበር። የሰበታ ጫኞች ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ሲሚንቶውን ወለሉ ላይ እኩል ዘርግተው ሮቶውን ከላይ ሊያስሩት ጀምረው ነበር። አንተ ከቢሮ እየሮጥክ ወጣህ።

«ተው፣ ተው! ሮቶውን ወደ ፊት አድርጉት፣ ሲሚንቶውን ጠቅላላ ወደ ኋላ። የቡራዩ ልጆች ሮቶውን ከነኩት የሱንም ማውረጃና መጫኛ ነው የሚጠይቁን!»

እውነትህን ነው፣ ይጠይቃሉ። በየከተማው ያሉት ጫኝና አውራጆች እንደዚያ ናቸው፤ በነሱ ክልል ከመኪና ላይ የተነሳ ዕቃ፣ ተመልሶ ቢጫንም፣ እንደ ሥራ ይቆጠራል። ከነሱ ለማምለጥ ስትል ክብደቱን ሁሉ ኋላ ቆልለህ ፊቷን ባዶ አስቀረሃት። የጫኞቹ አለቃ ካሳሁን አየኝና ጠጋ ብሎ «ሹፌር፣ ይሄ ነገር ልክ አይደለም። መሪው ይቀልልብሃል» አለኝ። ምን አልኩት መሰለህ? «ጫንበት፣ አማኑ ያውቃል» አልኩት።

ይህ የኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም። መኪናዋ ኋላዋ ተቀምጦ አፍንጫዋ ወደ ላይ ሲቀና በዓይኔ አይቻለሁ። አንተ ግን በሰው ፊት ያዘዝከውን እኔ በሰው ፊት ላስፈርሰው ነው? ወንድሜን በጫኝ ፊት ላዋርደው? ይሉኝታ የሚሉት በሽታ እኛን ሹፌሮቹን እንደሚይዘን ማንንም አይዝም።

ዓለም ገና ላይ ዳሬን ይዤ ቆሜ ለጭነት መኪና የሚፈቀድበት ሰዓት እስኪደርስ ስጠብቅ ደወልክ።

«የት ደረስክ?»

«ዓለም ገና። ሰዓት እየጠበቅኩ ነው።»

«የምን ሰዓት! የቡራዩ ሰውዬ እኮ ኮንክሪት ሙሌት ላይ ነው፣ ሠራተኛ ሁሉ ቆሞበታል። ዙርና በገጠሩ መንገድ ግባ፣ ቡራዩ ጀርባ ያወጣሃል።»

«አማኑ፣ ዝናብ አድሮበታል እኮ።»

«አይቼዋለሁ እልሃለሁ! ትናንት ማታ በሱ ነው የመጣሁት። ደርቋል። ሲኖትራኮቹ እንኳ እያለፉ ነው።»

አየህ፣ ይህን ቃል ሌላ የቢሮ ሰው ቢለኝ ኖሮ ስልኩን ዘግቼ እዚያው እቀመጥ ነበር። ቢሮ ተቀምጦ መንገድ አይቻለሁ የሚልን ሰው መች አመንን? አንተ ግን ከኛ ነህ። ሁለት መኪና ሲገናኝ ፍጥነት ቀንሰን፣ መስኮት ዝቅ አድርገን «መንገዱ እንዴት ነው?» እንባባላለን፤ ያለፈበት ሰው የነገረህን ተቀብለህ ትሄዳለህ። ሚስቱን የሚዋሽ ሹፌር አውቃለሁ። ትራፊክ መዋሸትማ የሁላችንም አመል ነው። መንገድ ጠይቀውት የሚዋሽ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አላጋጠመኝም ነበር፤ የተጣላን ሰው እንኳ እውነቱን ነው የሚነግረን።

ወገብህ እምቢ ብሎህ ከመሪ ወርደህ ስምሪት ኃላፊ ስትሆን የተደሰትነው ለዚሁ ነበር። «ከአሁን በኋላ ጭቃ ረግጦ የሚያውቅ ሰው ነው የሚልከን» አልኳቸው ለልጆቹ። ክትፎ ሁሉ ጋብዤሃለሁ፣ ትዝ ይልሃል?

ሌላም ትዝ ይለኛል። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ ሱሉልታ ጀርባ፣ የእንጨት ድልድይ አፍ ላይ አቁመኸኝ «ውረድና በእግርህ ሂድበት» አልከኝ። ከኋላችን መኪና ተሰልፎ ጥሩምባውን ያንጫጫል። አፈርኩ። አንተ ሳቅክብኝና «ይጩኹ፣ እነሱ አይከፍኑህም» አልከኝ። ወረድኩ። መሃል ላይ አንዱ ግንድ በስብሶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንት ድልድይ፣ ስንት ዳገት ወርጄ በእግሬ ለክቼ አልፌአለሁ። ሐምሌ ሦስት ቀን ግን አልወረድኩም። እንድወርድ ያስተማረኝ ሰው አይቼዋለሁ ብሎኛላ!

ወንዙ ጋ የሚያወርደው ቁልቁለት አዲስ አፈር ተደፍቶበት ነበር። መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች። መሪው እጄ ላይ ባዶ ሆነብኝ፣ የፊት ጎማው መሬት አልይዝ አለ። ፍሬን ስረግጥ የኋላው ክብደት ገፋን፤ ከዚያ በግራ ጎኗ ተኛች። ክንዴ በመስኮት ወጥቶ ከሥር ነበር። ሮቶዎቹ ገመድ በጥሰው ቁልቁል በሰው ባቄላ ውስጥ እየተንከባለሉ ሲሄዱ በተሰበረው መስታወት አያለሁ፤ የሚገርምህ፣ ያን ጊዜ ያሰብኩት «አማኑ ምን ይለኛል?» ብዬ ነው።

የማሳው ባለቤት ኦቦ ሊቤ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ከልጆቻቸው ጋር ጎትተው አወጡኝ። ባቄላቸው እንዳልነበር ሆኖ እሳቸው «ራቢን ሲ ኦልቼ፣ እግዜር አተረፈህ» እያሉ ፊቴን በጋቢያቸው ይጠርጉልኛል። ትንሽ ስረጋጋ ጠየቁኝ።

«ማነው በዚህ ሂድ ያለህ?»

«ጓደኛዬ ነው አባባ። ትናንት ማታ አልፎበታል።»

«ጓደኛህ ክንፍ አለው እንዴ? ጎርፍ ከቆረጠው ሦስት ቀኑ ነው፤ እንኳን መኪና የኔም አህያ አላለፈች።»

ከክንዴ ይልቅ ይህ አመመኝ። እንዲህ ስልህ ለማሳመር አይደለም። ክንዴ ሐኪም አለው።

ከዚያ ደግሞ ስብሰባው መጣ። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ የሺወርቅ ከነኮሚቴዋ ተቀምጣ «መስመሩን ማን መረጠ?» ብላ ጠየቀች። እኔ አንተን አየሁ። አንተ ስልክህን እየነካካህ «መስመር የሚመርጠው ሹፌሩ ነው፤ ስምሪት የሚያውቀው ጭነቱንና አድራሻውን ነው» አልክ። ሳትንተባተብ። ስለ አጫጫኑም ስትጠየቅ «ሹፌሩ ቆሞ ያስጫነው ነው» አልክ። እኔን ሲጠይቁኝ «የገባሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ለጊዜው ከሥራ አገዱኝ። የመጨረሻው ውሳኔ ሲመጣ የሥራ ልምድ ወረቀቴ ላይ «በግዴለሽነት» የሚል ቃል እንደሚገባ ጸሐፊዋ ሹክ ብላኛለች። ግዴለሽ የተባለን ሹፌር ማን መኪና ይሰጠዋል? ከመንዳት ሌላ የማውቀው ሥራ እንደሌለ አንተ ታውቃለህ።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። ስልኬ የሚደወልልኝን ሁሉ ይቀዳል። «አይቼዋለሁ እልሃለሁ» ስትለኝ ድምፅህ ከነቁጣው እዚያ ውስጥ አለ። ስብሰባው ላይ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ አንዴ ብነካው ያልቅ ነበር።

ለምን አላወጣሁትም? ሚስትህ ገነት ልትወልድ ወሯ ገብቶ ነበር፤ የልጁ የክርስትና አባት እኔ እንድሆን ሁለታችሁም ጠይቃችሁኛል። ባሏን ከሥራ አስባርሬ ልጇን ላቅፍ? ደግሞም በዚያው ሳምንት ትመጣለህ ብዬ ነበር። በሬን አንኳኩተህ «ፍቅሬ፣ ፈራሁ፣ ዋሸሁ» ብትለኝ፣ እመነኝ፣ ስልኩን ፊትህ አጠፋው ነበር። ሰባት ሳምንት ጠበቅኩ። በዘበኛው እጅ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ላክህልኝ። ብርቱካን! በአንድ እጅ እንዴት ይላጣል ብለህ እንኳ አላሰብክም።

ባለፈው እሑድ ሉቃስ ከጸሎት ወጥቶ ሊጠይቀኝ መጣ። ያንን የወላይታ ልጅ ታውቀዋለህ፤ ካንተ ጋ ከተቀጠረ ገና ሦስተኛ ወሩ ነው። ሻይ እየጠጣን ስለ ክንዴ፣ ስለ ዝናቡ ስናወራ፣ «ነገ እኔንም በገጠሩ መንገድ ቡራዩ ሊልከኝ ነው» አለኝ።

«ምን ጭነህ?»

«ሲሚንቶ ነው። የሱሉልታ ሮቶም አለው።»

«እንዴት ነው የተጫነው?»

«ሮቶው ፊት፣ ሲሚንቶው ኋላ። እኔም ከበደኝ እኮ፣ ግን አማኑ ነው ያዘዘው።»

«መንገዱንስ?»

«አይቼዋለሁ ብሎኛል።»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። አማኑ፣ አንተን እስከዚያች ደቂቃ አልጠላሁህም ነበር። ደንግጠህ የዋሸህ ሰው ነህ ብዬ ለራሴ ስከራከርልህ ነው የከረምኩት። እኔ ላይ የደረሰውን አይተህ፣ መኪናዋን በክሬን ስታስነሳ በዓይንህ አይተህ፣ ያንኑ ጭነት፣ ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ቃል ለሌላ ሰው ደገምክ! ያስደገመህ የኔ ዝምታ ነው። ምንም እንዳላስከፈለህ አይተሃላ።

ሁሉንም ለሉቃስ ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ «እንዴት ብዬ እምቢ ልበለው? ትልቅ ሰው ነው፣ ይቀየመኛል» አለኝ። ራሴን መሰለኝ። ሰኞ ጠዋት ግን ጭነቱን አስወርዶ፣ ሲሚንቶውን ወለሉ ላይ አስዘርግቶ፣ ሰዓት ጠብቆ በከተማ እንደገባ አንተም ታውቃለህ፤ ስትጮህበት ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ቡራዩ የደረሰው ረፍዶ ነው። የቡራዩ ልጆች ሮቶውን አውርደው ሲጭኑ የጠየቁትን ተከፈላቸው፣ ደንበኛውም ተቆጣ። ሉቃስ ግን ማታ ቤቱ ገባ።

ትናንት ግቢው የመጣሁት ለዚህ ነው። ወይዘሮ የሺወርቅ ድምፅህን ሁለት ጊዜ ሰማችው። «እስከዛሬ ለምን ዝም አልክ?» ስትለኝ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቅኳት። የራሴን ጥፋት ጽፌ ፈርሜ ሰጥቻታለሁ፦ አጫጫኑ ልክ እንዳልሆነ እያወቅኩ እንደነዳሁ፣ ካሳሁን ነግሮኝ እንዳልሰማሁ፣ ከመኪናዬ እንዳልወረድኩ። ቅጣት ካለው እቀጣለሁ። ያንተን ግን አልሸከምልህም። ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለታችንንም ይጠሩናል።

ከዓርብ በፊት እኔ ቤት እንዳትመጣ። ካየሁህ ይቅር እንደምልህ አውቀዋለሁ፤ ይቅር ካልኩህ ደግሞ በዚያ መንገድ ሌላ ሰው ትልካለህ።

ፍቅረሥላሴ