ከአባባ ወይን የቀረ የለም

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ለሚ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እትዬ ብርቄስ እንዴት ናት? ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ደጁስ ደኅና ነው? እኔ እህትህ ጡሪ ከናፍቆትህ በቀር ክፉ አልነካኝም፣ ምስጋና ለአምላክ።

ጎረቤቴ ዋቆ ግን ታሟል። ያ ከብቶቹ በድርቅ አልቀውበት ከኦቦ መንደር የመጣው፣ እዚህ ወንድም የሆነኝ ሽማግሌ። ደረቱን ይዞታል፤ ሚስቱ ካልቶማ እሱን ስታስታምም ከስታ አጥንቷ ቀርቷል፣ ልጆቻቸውም ናይሮቢ ናቸው። ወሬ የማስረዝመው ወድጄ አይደለም፤ ወደ ነገሩ ለመግባት እግሬ ተሳስሮብኝ ነው። በስልክ ልነግርህም ደውዬ ስለ ከብቱ ጠይቄህ ብቻ ዘጋሁት።

ወይኑ የለም፣ ጋሼ። አባባ በኮባ ቅጠል ጠቅሎ ዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ድረስ በሹፌር የላከልኝ፣ እዚህ ሞያሌ አምጥቼ ያሳደግኩት ወይን የለም። የእናንተው በመንገድ ሥራ ከተነቀለ ወዲህ የቀረው እሱ ብቻ እንደነበር አውቃለሁ። ፍሬውን ቢበሉት ጥርስ ያጠርሳል፤ ጠጁ ግን መጀመሪያ እንደ ኮሽም ኮምጠጥ ይልና ቆይቶ ማር ማር ይላል። የከተማው ወይን ጠማቂ አንዴ ቀምሶ «እንዲህ ያለ የትም አላገኘሁም» ብሎ ችግኝ የለመነህ ያለ ነገር አይደለም። ሌላ ቦታ የሌለ ጣዕም ሰውን ያስከትላል።

ልጄ ወልዳ ላርሳት ማርሳቢት ከመሄዴ በፊት ወይኑን ቅርንጫፉን ቆርጬ ገረዝኩት። እንድትተክለው ላንተ የሚላከውን ቁራጭ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ጥላ ሥር አኖርኩ። ዋቆ የከብት ሰው ነው፤ ቅጠል አልባውን ጉቶ ሲያይ «ምስኪን፣ ዛፏ ደርቆባት ለማገዶ ጀምራ አቅቷት ሄደች» ብሎ ከነሥሩ ነቀለልኝ። ስመለስ ቻይ፣ የእዚህን የወተት ሻይ፣ አፍልቶ ጠበቀኝ። «ጠጪ ጡሪ! እንጨትሽ ሲነድ ጭስ እንኳ የለውም» አለኝ እየሳቀ። ዞር ብዬ ባይ ያንተን ቁራጭ የጠቀለልኩበት ጆንያም ባዶውን ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ጠጣሁለት፤ ምን ላድርግ? ኋላ አመዱን ብበረብር ለተከላ የምትሆን አንዲት አንጓ አልተረፈችም።

አልነገርኩትም። ብትቀየም በእኔ ተቀየም፣ እሱን እንዳትረግመው። ለጠማቂውም ቁርጡን ንገረው፤ ጉድጓድ አስቆፍረህ ከሆነ ሌላ ትከልበት።

እትዬ ብርቄን እቀፍልኝ። ከልጆችህ ኤባን ግንባሩን ሳምልኝ፣ ኢብሳን በትምህርትህ በርታ በለው፣ የአባባን መቃብር ስታልፍ ስለ እኔም ቁምልኝ።

ይህን ስጽፍ ካልቶማ መጥታ ነበር። «ዋቆ ‹ተሽሎኝ ዝናብ ሲጥል በዚያ ባዶ ቦታ ለጡሪ ማንጎ እተክልላታለሁ› እያለ ነው፤ ምን ልበለው?» አለችኝ።

እሺ በይው አልኳት።

እህትህ ጡሪ
ሞያሌ፣ ኬንያ
የካቲት 2017 ዓ.ም.