የእማዬ ምድጃና ቆጣሪው

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፦ ናፍቆቴ ከዚህ ወረቀት ይበልጣል፤ እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን።

ጣሪያችን ላይ ያስተከልከው ሶላር ይሠራል፤ ከቤት የተረፈው መብራት ወደ ከተማው መስመር ገብቶ ይሸጣል። ቆጣሪው ግን ሰሞኑን አላማረኝም። ከመሥሪያ ቤት ሆኜ በስልኬ ሳየው፣ ቀትር ላይ የመነጨው ሁሉ እንዳለ ወጥቶ ይሸጣል። እማዬ ደግሞ በኤሌክትሪክ ምድጃው ምሳዋን ሠርታ፣ ጠግባ እንደዋለች ትምልልኛለች። ቆጣሪው ነው የሚዋሸው ብዬ ቴክኒሻን ጠራሁ፤ ፈታትቶ አየና «እሱስ ጤነኛ ነው» አለኝ።

ትናንት ቀሚሷን ልታስጠብብ ልብስ ሰፊ ጋ ሄደች። «ፋሽኑ ነው» አለችኝ፤ ለእኔ!

ስትደውል እባክህ ቀትር ላይ ደውልና «ምድጃውን አብሪው» በላት፤ እኔ ቆጣሪውን አያለሁ።

«ደህና ናት ብለሽ ጻፊለት» ብላኛለች፤ እንዳለችው ጽፌያለሁ።

በደህና ያገናኘን፤
እህትህ