ሻዬ ላይ የወደቀው መብራት

አንቺ ጠንቋይ፣ ለጥቂት ተረፍኩልሽ! ይህን ፖስት ካርድ የምጽፍልሽ ከእንግዳ ማረፊያ ነው።

ያረፍኩበትን ቤት የሚያስተዳድሩት ሁለት እህትማማቾች ናቸው። ዛሬ ለቁርስ ስቀመጥ ታናሽየዋ ትሪዋን እንደያዘች፣ "እዚያ አትቀመጪ" አለችኝ።

"ለምን?"

"እኔ እንጃ! ብቻ የሆነ ነገር ሊሰበር ነው።"

ሳቅኩባት። ታላቅየዋ ግን ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና፣ "ይሄ መብራት ትናንት እንዲህ ዝቅ ብሎ አልነበረም" አለች። ገና ከመነሳቴ መብራቱ ጓ ብሎ ሻዬ ላይ!

ስለ ሰው የባሕርይ ዓይነቶች ስታነቢ ውስጣዊ የስሜት ህዋስና ውስጣዊ እይታ እያልሽ ታደርቂኝ የለ? እኔ አንድ ይመስሉኝ ነበር። ለካ ባለ ህዋሷ ታላቅየዋ ያየችውን ሁሉ ውስጧ አስቀምጣ ዛሬን ከትናንት ታስተያያለች። ባለ እይታዋ ታናሽየዋ ትናንት መኖሩንም አታስታውስም፤ ከየት እንደመጣላት ሳታውቅ የሚመጣው ይታያታል። እኔና አንቺን ቁጭ!

ስለ እጮኛዬ "ምክንያቱን አላውቅም፣ ግን..." ስትይኝ፣ "እስከ ዛሬ ምን በደለኝ?" ብዬ አፍሽን አስዘጋሁሽ። በሞቴ፣ አሁን ያቋረጥኩሽን ጨርሺልኝ። ማስረጃ አልጠይቅሽም።

የካርዱ ቦታ አለቀብኝ፤ እማማን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለእጮኛዬ የምልከውን ሰላምታ ግን መልስሽ እስኪደርሰኝ አቆይቼዋለሁ።