ሰማያዊው እሾህሽ

አቃቂ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ውድ ዙፋኔ፣

ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ጣራ ሥር ስንኖር አንድም ቀን ጽፌልሽ አላውቅም። ምን ያስጽፈኛል? ድምፄን ከፍ ካደረግሁ ከጓሮ ትሰሚኝ ነበር። ዛሬ የምጽፍልሽ ጮክ ብዬ ልናገረው ያፈርኩት ነገር ስላለ ነው።

ከምትሠሪበት የአበባ እርሻ የዚያን እሾህ ዘር በመሀረብ ቋጥረሽ ያመጣሽ ቀን «ሰው ጽጌረዳ ይተክላል፣ የኔዋ ኮሸሽላ ትዘራለች» ብዬ ሳቅሁብሽ። አንቺ ግን ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የማይለቀውን፣ ጠጠር የበዛበትን የአጥር ጥግ መረጥሽለት። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር የሚሆነው ይህ ነው አልሽ። አሳዝኖኝ አንድ ጀሪካን ባፈስስበት ተቆጣሽ።

«ተወው ገብሬ፣ ይሄ የሚሞተው ውሃ ሲበዛበት ነው። ሥሩ ጥልቅ ነው፣ ራሱ ፈልጎ ይጠጣል።»

በሁለተኛው ዓመት አበበ፤ ግንዱ ሳይቀር ሰማያዊ ሆነ። አልነገርኩሽም እንጂ ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ አየው ነበር።

አንድ ቀን ከጎረቤት ቀብር ስንመለስ አጠገቡ ቆም ብለሽ «እኔ ስሞት መቃብሬ ላይ ይህን አድርግልኝ። ጽጌረዳ በማግስቱ ይጠወልጋል። ይሄ ደርቆም ቀለሙን አይለቅም» አልሽኝ። እኔ ደግሞ «ሞተሽም ልትወጊኝ ነው?» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቅሽም።

የካቲት ላይ ያረፍሽ ዕለት የእድራችን ሰዎች በጠዋት ድንኳን ይዘው መጡ። ግቢያችን ጠባብ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ባለሱቁ ታጁ ትከሻዬን ይዞ «ጋሼ፣ ይሄ የደረቀ እሾህ ለቀስተኛ ይወጋል፣ እናንሳው?» አለኝ። ቀና ብዬም አላየሁ። «ንቀሉት» አልኩ። ሴቶቹ ለለቀስተኛ ምግብ ሲያሰናዱ እንደ ጭራሮ ማገዱት።

ከቀብር ስንመለስ የሥራ ጓደኛሽ ፈርዶሳ ድንኳኑ ውስጥ ትጠብቀኝ ነበር። ዓይኗ ወደዚያ ጥግ ሄደ።

«ጋሼ፣ አበባዋስ? ለእኔም እንደነገረችኝ መቃብሯ ላይ አደረጉላት?»

ያኔ ነው ያስታወስኩት። ዙፋን፣ አመዱ ገና ይጨስ ነበር። መቃብርሽ ላይ የተቀመጠው ሰዎች ያመጡት የፕላስቲክ አበባ ነው። ታጁ ምን አጠፋ? ቃልሽን የሰማሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ያን ጥግ ማየት አልቻልኩም። ትናንት ዝናቡ ሲያባራ ግን የድንኳኑ ምሰሶ የቆመበትን ጉድጓድ ልደፍን አካፋ ይዤ ወጣሁ። አፈር ልጨምርበት ጎንበስ ስል አንድ ነገር እጄን ወጋኝ። ከጉድጓዱ ጠርዝ ሦስት ቅጠል ብቅ ብሏል። ሥሩ ተርፎ ኖሯል። ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያም ጎርፍ እንዳይተኛበት ዙሪያውን ቦይ ቀደድኩለት፤ ጠጠርም ጨመርኩ። አይዞሽ፣ ጠብታ ውሃ አላፈሰስኩበትም።

ፈርዶሳን ጠርቼ ባሳያት እስኪያብብ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል አለችኝ። የእኔን ልብ ደግሞ ሐኪሙ አልወደደውም። ቢሆንም እጠብቃለሁ። ደርሼ ካየሁት ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ። ካልደረስኩ ፈርዶሳን አደራ ብያታለሁ፤ ለሁለታችንም ታመጣልናለች።

ይቅር በይኝ።

ያንቺው ገብረጻድቅ