ስፌቱ ወደ ውጭ የሆነ ሸሚዝ

መርካቶ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፋናዬ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

ይህ ወረቀት የሚደርስሽ በደህና ተኝተሽ በተነሳሽበት ቀን ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ ስለጀመረ የጨርቅ ጣቃዎቹን ወደ ላይኛው መደርደሪያ አውጥቻለሁ። በስልክ ስናወራ የወንድምሽ ነገር ሲነሳ ሁለታችንም ወሬ እንቀይራለን። ስለዚህ ቀስ እያልኩም ቢሆን መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው።

አስቀድሜ የሚያስቅሽን ላስታውስሽ። ኬራቲን የሚባል የሰው ቆዳ ፕሮቲን ላይ እንደምትሠሪ የነገርሽኝ ጊዜ፣ ስሙ እንዳይጠፋብኝ እየደጋገምኩ ወደ ሱቅ ሄድኩ። የፀጉር ቅባት የምትሸጠው ጎረቤቴ ሰዓደት ሰማችኝ።

«ኬራቲን ነው ያሉት እትዬ ሸዋርካብሽ? ይኸው እኔ ጋ በካርቶን ሞልቶ የለ እንዴ! ልጅዎ ለዚህ ነው ጀርመን ድረስ ሄዳ የምትለፋው?»

«የቆዳ ነው ያለችኝ።»

«ፀጉርስ ከየት ይወጣል? ይልቅ ሁለት ልስጥዎትና ይላኩላት፣ ትገላገል።»

አምኜ ሁለት ጠርሙስ ጠቀለልኩልሽ። ስነግርሽ ሳቅሽ። ወንድምሽን ኢዩኤልን ከቀበርን ወዲህ ሳቅሽን የሰማሁት ያን ቀን ነውና ሰዓደትን አልተቀየምኳትም።

ከዚያ በትዕግሥት አስረዳሽኝ። ፕሮቲኑ ከማንም ሰው ገላ አይወሰድም። በዓይን የማትታይ ተሕዋስ የሰው ቆዳ የሚሠራበትን ትእዛዝ ትይዛለች፣ እንደ እርሾ በጠርሙስ ውስጥ እየበላች ትበዛለች፣ ያንኑ ፕሮቲን ትሠራለች። ተጣርቶም የጣት ጫፍ በምታህል ብልቃጥ ይቀመጣል። በኢዩኤል ቆዳ ውስጥ እንደ ድርና ማግ አጥብቆ መያዝ ሲገባው የላላው ያ ፕሮቲን ነበር አልሽኝ። የጨርቅ ነጋዴ ነኝና ይሄኛው ገባኝ። ማጉ የላላ ጨርቅ ገና ሲነኩት ይሸሻል። የኔ ልጅም እንዲያ ነበር፤ ቆዳው በትንሽ ነገር ውሃ ይቋጥርና ይላጣል።

«ያንን ቢቀቡት ኖሮስ?» ብዬ ጠየቅሁሽ።

«እማዬ፣ ይሄ ለምርምር ብቻ ነው። ለሰው አይሰጥም» አልሽኝ። እናት ነኝና ጠየቅሁ፣ አትዘኚብኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቶማስ ነግሮኛል። ባልሽን አትቆጪው፣ ጨንቆት ነው። «ፋና ነፍሰ ጡር ናት። ሐኪሞቹ ዕድሉ ትንሽ ነው ቢሏትም ልጁ እንደ ኢዩኤል ይሆናል ብላ ትፈራለች። ለእርስዎ መንገር አቃታት» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ በሱቃችን በረንዳ ላይ ልብስ ወደሚሰፉት ወደ ጋሼ ኢስሀቅ ሄድኩ።

ለኢዩኤል ይሰፉለት የነበረው እሳቸው እንደነበሩ ታስታውሻለሽ። ገላውን እንዳይፍቀው ስፌቱን ወደ ውጭ ያወጡት ነበር። ጎጃም በረንዳ ስናልፍ ተሸካሚዎቹ «ማሙሽ፣ ሸሚዝህን ገልብጠሃል» ይሉታል። «እናንተ ናችሁ የገለበጣችሁት» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ያልፋል።

«ጋሼ፣ ሁለት የሕፃን ሸሚዝ ይስፉልኝ» አልኳቸው።

«ስፌቱ ወዴት ይሁን?»

«ወደ ውጭ» አልኩ።

የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። «ፋና ናት?»

«እሷ ናት።»

«እንግዲያው ከሁሉ ለስላሳውን አምጪ» አሉኝ።

ሸሚዞቹን ወደ እናንተ በምትመጣው በሰዓደት የእህት ልጅ እጅ ልኬልሻለሁ። የልጅሽ ገላ ጤነኛ ከሆነ ስፌቱ ወደ ውጭ መሆኑ አይጎዳውም፤ የሚስቅ ይሳቅ። እንደ ኢዩኤል ከሆነም በብብቱ ይዘሽ አታንሺው። አንድ መዳፍሽን ከመቀመጫው ሥር፣ ሌላውን ከማጅራቱ ሥር አድርጊ። ክብደቱን እስኪጥልብሽ ጠብቂ፣ ከዚያ አንሺው። ሳትጎትቺ።

አንቺ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ የምታይው ቁስሉ ሲታጠብ፣ ሲያለቅስ ነበር። ያ ብቻ በዓይንሽ እንደቀረ አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን ደረቴ ላይ ይተኛ ነበር፣ ፀሐዩ ከበሩ እስኪርቅ። ወንድምሽ ሳይታቀፍ አልኖረም፣ ፋናዬ። ያንቺም ይታቀፋል። እኔም ላርስሽ እመጣለሁ፤ ፓስፖርቴን ጀምሬዋለሁ።

ራጉኤል ከፊትሽም ከኋላሽም ይቁም። ማህፀንሽ ይባረክ። እጅሽ የያዘው ሥራ ለሌላዋ እናት ልጅ ይድረስ።

እናትሽ
ሸዋርካብሽ

የሰዓደትን ጠርሙሶችም ከትቻቸዋለሁ፣ ለፀጉርሽ ይሁኑ። የኢዩኤልን ሰማያዊ ሸሚዝም አጥፌ አብሬ አስገብቼው ነበር። ጥቅሉ ከታሰረ በኋላ ፈትቼ መልሼ አወጣሁት። እሱን ስመጣ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።