አባትሽ ውስኪውን የቀመሰ ዕለት

ቴፒ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለራሔል፣

እንደምን ሰነበትሽ የኔ ዓለም? ካልጋሪ ብርዱ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኛል። ጆሮሽን ሸፍነሽ ነው የምትወጪው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቡናው ተለቅሞ አልቋል፤ የቀረው እየደረቀ ያለው ብቻ ነው።

የምጽፍልሽን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። አባትሽ ግን ስልኩን ከእጄ ይቀበልና «ሁሉም ሰላም ነው» ብሎሽ ይዘጋዋል። ስለዚህ ጓደኛሽ ጌታሁን ወደ ካናዳ ሳይመለስ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

አባትሽን ያ ክፉ ጉንፋን ሽታ ከነሳው ይኸው ሁለት ዓመት አለፈው። ዕድሜውን ሙሉ ቡና ቀማሽ ሆኖ ለኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሥራውን ማንም ሳያስወጣው ራሱ ተወ፤ «ያልሸተተኝን ቡና ጥሩ ነው ብዬ አልፈርምም» ብሎ። ያላየሽው ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። ምግብ የሚበላው ግዴታ እንዳለበት ሰው ነው። የቡናው አበባ ፈንድቶ ሰፈሩ ሁሉ በመዓዛ ሲታወድ እሱ መስኮቱን ዘግቶ ይቀመጣል። ሳቁን ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ጌታሁን የላክሽውን ጠርሙስ ይዞልን የመጣው ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ነው። ደጅ ካፊያ ነበር። ጎረቤታችን ሰይፈዲንም የቅመም ሱቁን ለሚስቱ ትቶ እኛ ጋ ተቀምጦ ነበር። እሱ እንደማይጠጣ ታውቂያለሽ፤ ሻይ አፈላሁለት።

«እትዬ ሰርካዲስ፣ ውድ እንዳይመስላቸው ብላለች» አለኝ ጌታሁን ጠርሙሱን እየሰጠኝ። «እዚያ ሠራተኛው ሁሉ የሚገዛው ነው። ግን በምትሠራበት ምግብ ቤት ከውዶቹ ጋር አስተያይታ ቀምሳዋለች። ይሄኛው ቴፒ ቴፒ ይለኛል አለች።»

«ቴፒ ቴፒ የሚል ውስኪ ደግሞ ከምን ይሠራል?» አለ አባትሽ፣ ለእንግዳ ክብር ያህል።

«ራይ ከሚባል እህል ነው ጋሼ። ስንዴ ይመስላል፣ ብርድ አይፈራም። ከዚያ ውስጡን በእሳት በለበለቡት የእንጨት በርሜል ለዓመታት ያስቀምጡታል።»

«ቅመምስ?»

«ምንም አይገባበትም።»

ቀዳሁላቸው። ለራሴም ትንሽ። መልኩ የጫካ ማር ነው። አባትሽ እንደ ድሮው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና አወረደው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሰርኬ፣ እስቲ አንቺ አሽትቺና ንገሪኝ።»

ልጄ፣ በትዳር ስንኖር እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። አፍንጫዬን ወደ ብርጭቆው አስጠጋሁ። መጀመሪያ ዓይኔን አቃጠለኝ።

«የዳቦ ቅርፊት» አልኩት። «አሁን ከእሳት የወጣ።»

«ሌላስ?»

«ማር ... ጠቆር ያለው። የጢስ ነገርም አለበት።»

«ሌላስ?»

አንድ ሌላ ነገር ነበረ፤ አውቀዋለሁ፤ ስሙ ግን አልመጣልኝም። ማንኪያ አምጪልኝ አለኝ። ያን የቀማሾቹን ድምፅ እያሰማ አንዴ ሳበው፣ አፉ ውስጥ አንከባለለው፣ ዋጠው። ራሱን ነቀነቀ፤ ምንም። ጌታሁን ውኃ ጠብ ሲደረግበት ሽታው ይከፈታል ቢለው፣ አባትሽ ጥቂት ጠብታ ጨመረና አፍንጫውን ብርጭቆው ውስጥ ከተተ። እዚያው ቀረ። ያመመው መስሎኝ ትከሻውን ያዝኩት።

ከዚያ ቀና አለ።

«ቁንዶ በርበሬ» አለ።

እኔ ስሙ የጠፋኝ እሱ ነበር!

ሰይፈዲን ቀስ ብሎ፣ «ወዳጄ፣ መፋጀቱ እንዳይሆን» አለው።

«መፋጀትማ ሚጥሚጣም ሲፈጀኝ ከርሟል። ይሄ ሽታ ነው! ያልደረቀው፣ ጓሯችን ባለው ሐረግ ላይ እያለ ዝናብ የመታው።»

ሰይፈዲን አላመነም፤ ወይም ለማመን ፈራ። በካፊያው ሱቁ ድረስ ሄዶ ኪሱን ሞልቶ ተመለሰ። አባትሽን ዓይንህን ጨፍን አለውና ጭብጡን አፍንጫው ሥር እየከፈተ ያስሸትተው ጀመር። ኮረሪማ፣ ምንም። እርድ፣ ምንም። ቅርንፉድ፣ ትንሽ አመነታና ምንም። አራተኛው ላይ ጭብጡ ገና በደንብ ሳይከፈት፣ «እሱ ነው!» ብሎ እጁን ያዘው። ሰይፈዲን መዳፉን ዘረጋ፤ ጥቋቁሮቹ ፍሬዎች ናቸው። ሁለቱ ሽማግሎች ተያይዘው ሲያለቅሱ ጌታሁን የሚገባበት ጠፋው።

እስከ ዛሬ ስደነቅ አለሁ ራሔል። በረዶ ውስጥ የበቀለ የሰው አገር እህል፣ ቁንዶ በርበሬ አጠገቡ ያልደረሰ፣ የእኛን ጓሮ ሽታ ከየት አመጣው? ሰውየው እዚህ ሐረጉ ሥር ተቀምጦ ያጣውን ባሕር ተሻግሮ በመጣ ጠርሙስ ውስጥ ማግኘቱስ? የእግዚአብሔርን ሥራ መቼም አልጨርሰውም።

አባትሽ ያን ቀን ሁለተኛውን ማንኪያ ቀምሶ፣ «ሲገባ ይነድፋል፣ ከዚያ ይለሰልሳል፣ ሲወርድ የሸንኮራ ጣዕም ትቶ ይሄዳል» አለ። «ርካሽ ያለው ማነው? ዋጋው ነው እንጂ እሱ አይደለም።»

ሁሉም ተመለሰ ብዬ ግን አልዋሽሽም። በማግስቱ ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ቡና ቀመሰ፤ አንገቱን ደፍቶ መጣ። «ሙቅ ውኃ ነው» አለኝ። በየቀኑ ግን ጠርሙሱን ከፍቶ ያሸታል፤ አይጠጣም፣ አትስጊ። የተረፈውን «ራሔል ስትመጣ» ብሎ አስቀምጦታል። መቼ ነው ብዬ እኔ አልጠየቅሁሽም።

ትናንት ጠዋት ወተት ጥጄ፣ ከሰይፈዲን ሚስት ጋር አጥሩ ላይ ወሬ ይዤ ረሳሁት። አባትሽ ከጓሮ፣ «ሰርኬ! ወተቱ አረረ!» እያለ ሲጮኽ እኔ ምንም አልሸተተኝም ነበር። ሮጬ ድስቱን ላወርድ ስል በሩ ላይ ደርሶ ክንዴን ያዘኝ።

«ተይው» አለኝ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በረጅሙ እየሳበ። «ትንሽ ይረር።»

ቤቱ በጢስ እስኪሞላ ሁለታችንም እዚያው ቆምን። ከዚያ እልል አልኩ፤ አልቻልኩም። ጎረቤት ሁሉ ምን ተገኘ ብሎ ሲሮጥ መጣ።

«ወተት አረረብን!» አልኳቸው።

አምላክ ከብርዱ ይከልልሽ፣ ሥራሽን ያቅናልሽ። የቀመስሽው ይጣምሽ፣ ደግ ሰው ከጎንሽ አያሳጣሽ። ሰይፈዲንና ሚስቱም ሰላም ብለውሻል።

የምትናፍቅሽ እናትሽ
ሰርካዲስ