የስድስት ሰዓቱ ኢሜይል

አያ ጥንቁቅ፣

ኮምፒውተርህ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ፋይሎችህን ገልብጦ ዝርዝሩን በኢሜይል የሚልከው ለእኔ ነበር። ስትሞክረው የእኔን አድራሻ አስገብተህ ረሳኸው። ሦስቴ ነገርኩህ፤ "አጥፋውና ተገላገል" አልከኝ።

ትናንት ዝርዝሩ ላይ "ደባሌን እንዲያስወጡልኝ ለአከራይዋ" የሚል አየሁ። የሰው ደብዳቤ መክፈት ነውር መሆኑ አልጠፋኝም፤ ኮምፒውተርህ ላይ ገብቼ ከፈትኩት። የሳሎኑን መስታወት የሰበርኩት እኔ ነኝ አሉ!

ከሥሩ "ኳስ ሳንቀረቅብ መስታወቱን ስሰብር" የሚል ቪዲዮህ አለ። ለፋይል ስም ስታወጣ ግን አትዋሽም።

አድራሻውን አስተካክዬልሃለሁ፤ ቪዲዮውንም አያይዤበታለሁ። ይህን ስታነብ ዝርዝሩ ከነቪዲዮው ለአከራያችን ደርሷቸዋል።

ልብስህ ገመዱ ላይ ነው። ዝናብ እየመጣ ነው፤ አላስገባሁትም።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ሲባል አልሰማህም? አንተ "አጥፋው" ብለህ ፓስወርድህን አዋስከኝ።